ሃምሳ ጊዜ ያነሰ ሰፈር

"ጋሼ፣ ከእርስዎ የምፈልገው ሃያ ቃል ብቻ ነው።"

እንዲህ ብሎ የመጣብኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር "አሳጥሩ! አሳጥሩ!" እያልኩ ተማሪ ሳስለቅስ ኖሬያለሁ፤ እኔ ራሴ ግን ይህቺን አምድ ከሺህ ቃል በታች ጨርሼ አላውቅም። (አዘጋጁ ምስክሬ ነው።) ሃያ ቃል ስባል ደነገጥኩ።

ወጣቱ የቀድሞ ተማሪዬ ታናሽ ወንድም ነው። አርክቴክቸር ተምሯል፤ እንጀራው ግን ሞዴል መሥራት ሆኗል። እነዚያን ሪል ስቴት ሻጮች መስታወት ውስጥ የሚያስቀምጧቸውን፣ ሰማያዊ መዋኛና አረንጓዴ የስፖንጅ ዛፍ ያላቸውን ትንንሽ ሕንፃዎች ታውቋቸዋላችሁ፤ እነሱን ነው የሚሠራው። እስከ ዛሬ የሠራው ሁሉ ገና ያልተገነባ ነገር ነበር። አሁን ግን የፈረሰ ነገር ታዘዘ። አንዲት ትንሽ ሙዚየም፣ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ ከፈረሱት ሰፈሮች የአንዱን ቁራጭ ከነቦኖው፣ ከነወፍጮ ቤቱ በዲዮራማ እንዲሠራላት ጠየቀችው። የኔ ሃያ ቃል ከመስታወቱ ሥር የምትለጠፈው ጽሑፍ ናት።

"ሳላይ አልጽፍም" አልኩትና አብሬው ሄድኩ።

የሚሠራው እናቱ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ሰርቪስ ቤት ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ሰፈር ተዘርግቷል። ልኬቱ አንድ ለሃምሳ ነው። ሁለት ሜትር የነበረ በር አራት ሳንቲ ሜትር ሆኗል፤ እኔን የሚያህል ሰው ደግሞ ከአመልካች ጣቴ ግማሽ አይበልጥም። የጣሪያውን ቆርቆሮ ያየ ሰው ከእውነተኛ ቆርቆሮ የተቆረጠ ነው የሚመስለው፤ የቸኮሌት መጠቅለያ ነው። "የቆርቆሮ ሞገድ ከአንዱ ጉብታ እስከ ሌላው ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው" አለኝ፣ "ለሃምሳ ሲካፈል አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል። አሥር ሚሊ ሜትር የሚወፍር ብሎን ጥርሱ ስንት ይራራቃል መሰለዎት? አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል!" ብልጭልጩን ወረቀት ብሎኑ ላይ አድርጎ በጥፍሩ ሲጫነው ቆርቆሮ ይወጣዋል። ዝገቱ እውነተኛ ዝገት ነው፤ ከአሮጌ ምስማር ተፍቆ በኮላ ላይ የተነሰነሰ። የግድግዳው ጭቃ ግን ጭድ የለበትም፤ የእውነት ጭድ በዚያ ልኬት ግንድ ያህላልና በሻሽ የተነፋ አፈር ብቻ ነው የተለሰነው። ባሕር ዛፎቹ የጦስኝ እንጨቶች ናቸው፤ ጠጋ ሲሏቸው ይሸታሉ። የመብራቱ ሽቦ ከተበላሸ ኢርፎን የተመዘዘ የመዳብ ክር ነው። ቦኖው ፊት የተሰለፉት ቢጫ ጀሪካኖች የባቄላ ፍሬ አያህሉም፤ ግን ክዳን አላቸው፤ ከክዳኖቹም አንዱ ጠፍቶ በጨርቅ ተወትፏል።

ያቺን ውታፍ ሳይ ልቤ ተሸነፈ። ሰው ትንሽ ነገር ሲያይ ለምን እንዲህ እንደሚሆን እንጃ። ምናልባት ከላይ ሆኖ ማየት ስለሚያስደስተን ይሆናል፤ ሰፈሩ ውስጥ ሳለን እርስ በርሳችን ጣሪያ ለጣሪያ ተያይተን አናውቅም። ምናልባትም ትንሽ ነገር አይጎዳንም። በዚያ ሰፈር ያለፈ ሰው ቦዩን ያውቀዋል፤ አፍንጫውን ሳይዝ ያለፈ ካለ ጉንፋን የያዘው ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን ቦዩ በቫርኒሽ ያብለጨልጫል።

ልጁ ስህተት እንዲያርሙለት የሰፈሩን ተነሺዎች በየእሑዱ እየጠራ ያሳያቸዋል። በሄድኩበት እሑድ አራት ሰዎች መጡ። አንዱ የእናቱን ጉሊት አገኘና ዝም አለ። ሁለቱ ስለ ጠጅ ቤቱ በር ቀለም ሊጣሉ ደረሱ። አንዲት እናት ግን መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፤ ጎንበስ ብለው በሁለት ቤቶች መሃል ያለውን ክፍተት ሲያዩ ቆዩ።

"የኔስ ቤት፣ የኔ ልጅ?"

"የት ጋ ነበር እማማ?"

"ይኸው እዚህ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ዶሮ ነው እንዴ ያስቀመጥክበት?"

እውነትም ሁለት ዶሮዎች ነበሩበት።

ልጁ ቶሎ ብሎ ፕላኑን ዘረጋ። "የቤት ቁጥርዎ ስንት ነበር?"

"ቁጥር የለኝም። ደባል ነበርኩ።"

ደባል ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት ጊዜ ማባከን ነው፤ ለሌላው ግን ልንገረው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ። ኪራዩ እንደ ረከሰ ቆየ። ቤቱ አልተባዛም፤ ሰው ግን ተባዛ። ስለዚህ ባለ ቁጥሩ ተከራይ ጓሮው ላይ አንዲት ክፍል ይቀጥላል፤ ዘመድ፣ የአገር ልጅ፣ ወይም እንዲሁ መጠጊያ ያጣ ሰው ይገባባታል። ደባሉ ከቦኖው ይቀዳል፣ ዕድር ይከፍላል፣ ልጅ ወልዶ ያስተምራል፤ ወረቀት ላይ ግን የለም። ሰፈር ሲነሳ ደግሞ ነዋሪ ማን እንደሆነ የሚጠየቀው ወረቀቱ ነው። እኚህ እናት በዚያች ክፍል ሃያ ስምንት ዓመት ኖረዋል። አንድ ጊዜ በዶዘር ተነስተው ነበር፤ አሁን ደግሞ በካርቶን ተነሱ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ልጁ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። "ጋሼ፣ እኔ የለካሁትን ነው የሠራሁት። ፕላን አለኝ፤ የአየር ፎቶ አለኝ። በፎቶው ላይ ያ ቦታ ጥላ ብቻ ነው። እሳቸው ስላሉኝ ብቻ ቤት ብተክል እኮ ልብ ወለድ ሆነ ማለት ነው።"

ልብ ወለድ! ሃያ ዓመት እንጀራ የበላሁበትን ነገር እንደ ስድብ ሲጠቅሰው ጥቂት ተሰማኝ፤ ግን መልስ አልነበረኝም። ልጁ ሐቀኛ ነው። አንዲት ክዳን ከጠፋች የጠፋችበትን ጀሪካን የሚያስብ ሰው ነው። ታዲያ ጥፋቱ የት ላይ ነው? ይህን እያሰብኩ ሳለ አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ትዝ አለኝ።

ዊልያም ሳይቦርን ይባላል። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በሰኔ 1815 ዋተርሉ ላይ ከተሸነፈ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ የጦር ሜዳውን ሞዴል እንዲሠራ ታዘዘ። ሳይቦርን እንዲሁ በግምት የሚሠራ ሰው አልነበረም። ሜዳው ላይ ባለችው ላ ሃይ ሴንት በምትባል የእርሻ ቤት ስምንት ወር ተቀምጦ ጉብታውንም ስርጓዳውንም ለካ። ከጦርነቱ ለተረፉት መኮንኖች ደብዳቤ ጻፈ፦ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ የናፖሊዮን የክብር ዘበኛ የመጨረሻውን ጥቃት ሲሰነዝር፣ ጦርህ የት ነበር? በምን አሰላለፍ? ከፊትህ ያለው ማሳ ምን ዓይነት አዝመራ ነበረው? መንግሥት መሃል ላይ ገንዘብ ሲከለክለው በብድር ቀጠለ። ሞዴሉ በ1838 ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ሲከፈት ከሰባ ሺህ በላይ ትንንሽ የብረት ወታደሮች ቆመውበት ነበር፤ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው እየከፈለ አየው። ለሳይቦርን ግን ከዕዳ መውጫ አልሆነውም።

ችግሩ የመጣው ከመረጃው ነው። ሳይቦርን የፕሩሲያንም ጦር ጠይቆ ነበር፤ እነሱም በዚያች ሰዓት የት እንደ ደረሱ ነገሩት፤ እሱም እንደ ነገሩት በብዛት አሰለፋቸው። በዌሊንግተን ዙሪያ የነበሩ ሹማምንት ይህ አልተዋጠላቸውም። ያየ ሰው ሁሉ "ድሉ የፕሩሲያውያን ነው" ሊል ነዋ! ሳይቦርን ዓመታት ተከራከረ፣ ደከመው፤ በመጨረሻ አርባ ሺህ ያህል የፕሩሲያ ጦር የሚወክሉትን አሻንጉሊቶች ከሜዳው አነሳ። ሞዴሉ ዛሬም ለንደን፣ ብሔራዊው የጦር ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

እኔን የሚያስፈራኝ የጎደለው ሳይሆን የተቀረው ነው። የተቀረው ትክክል ነዋ! ጉብታው ትክክል ነው፣ አጥሩ ትክክል ነው፣ ማሳው ሳይቀር ተጠይቆ የተሠራ ነው። ያ ሁሉ ትክክለኛነት ለጎደለው ነገር ዋስ ሆኖ ቆመለት። ስለ አዝመራው ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው አርባ ሺህ ሰው ረሳ ብሎ የሚጠረጥር ተመልካች ከየት ይመጣል?

የኛ የዓድዋ ሥዕሎች በዚህ ረገድ የበለጠ ሐቀኞች ናቸው ብል ሊቃውንቱ ይቆጡኝ ይሆናል። የኛ ሰው በሁለት ዓይኑ ሙሉ ፊቱን ሰጥቶ ይቆማል፤ ጠላት በአንድ ጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ ይሳላል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ከደመናው ላይ ሆኖ ጦሩን ይወረውራል። ልኬት የሚባል ነገር የለም። ግን ሥዕሉን ያየ ሰው ሠዓሊው ከማን ወገን እንደሆነ ለአፍታ አይጠራጠርም፤ "እኔ ከዚህ ነኝ" ብሎ ፊት ለፊት ይነግረዋል። ሞዴል ወገኑን አይናገርም። "እኔ የለካሁትን ነው" ይላል። ሜትሩን ማን እንደ ያዘውና የት ላይ እንዳቆመው የሚጠይቀው የለም።

ሳይቦርንና የኛ ልጅ አንድ አይደሉም፤ ይህን ማለት ግፍ ነው። ሳይቦርን እያወቀ አነሳ፤ ልጁ ሳያውቅ አላስገባም። ሕግ ቢሆን የመጀመሪያውን ይቀጣል፣ ሁለተኛውን ያሰናብታል። እኔ ግን ለሁለተኛው እሰጋለሁ። እያወቀ ያነሳ ሰው ቢያንስ ያነሳቸውን በሳጥን አስቀምጧቸዋል፤ ሌሊት ሊያስታውሳቸው ይችላል። ካርታውን ያመነ ሰው ግን የሚያስታውሰው ነገር የለም፤ ተኝቶ ያድራል። ደግሞም ያ ፕላን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ግብር የሚከፍለውንና ኪራይ የሚሰበሰብበትን ለመቁጠር የተሠራ ነው። ለዚያ ሥራ ትክክል ነበር። "እዚህ ሰፈር ማን ኖረ?" ለሚለው ጥያቄ ግን ማንም አላዘጋጀውም።

ይህንኑ በሚቀጥለው ሳምንት ነገርኩት። እሱም አላረፈም፤ መልስ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። እኚያ እናት መስኮቷ ሁለት ነበረች ይላሉ፤ ልጃቸው በስልክ ስትጠየቅ መስኮት የሚባል አልነበረም አለች። የቱ ይሠራ? ደግሞስ እሳቸው ከገቡ፣ ወፍጮ ቤቱ በረንዳ ላይ ያድር የነበረው ሊስትሮ ለምን ይቀራል? ሌሊት ብቻ የሚመጡትስ? "ሁሉንም የሚይዝ ሞዴል አንድ ብቻ ነው ጋሼ፤ ሰፈሩ ራሱ። እሱ ደግሞ ፈርሷል።"

ልክ ነው። መልስ የለኝም። ሊስትሮው አይገባም፤ ቀን ነዋ የተሠራው። አንድ ሰዓት የመረጠ ሰው ሌሎቹን ሃያ ሦስት ሰዓቶች ትቷል፤ ይህ ኃጢአት አይደለም። ግን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እኚያ እናት እዚያ ነበሩ፤ ሽሮ እየለቀሙ ነበር ይላሉ። በዚያች ሰዓት በዚያች ቦታ ዶሮ ብቻ ነበር ብሎ መሥራት ደግሞ መምረጥ አይደለም።

ልጁ ራሱ መላ አገኘ። ሦስት ጎረቤቶች ጠየቀ፤ በሜትር የሚያውቃት አልነበረም፤ ግን ሁሉም አልጋና ሳጥን ጎን ለጎን እንደሚገባባት፣ በሩ ሲከፈት የአልጋውን እግር እንደሚመታ ያውቃሉ። ከአልጋው ተነስቶ ሦስት ሜትር በሁለት አገኘ፤ ያም ስድስት ሳንቲ ሜትር በአራት ሆነ። ያለ መስኮት፣ ከነጭ ካርቶን ሠራት፤ ቀለም አልቀባትም። "የለካሁት በቀለም፣ የተነገረኝ በነጭ" አለኝ። እኔ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። የነጩን ቤት ትርጉም ሳሰላስል፣ የሃያ ቃሏን ጽሑፍ አርባ አደረስኳት።

የሙዚየሟ ሰው መጥተው አዩና "ያላለቀ ይመስላል" አሉ፤ ወይ ትቀባ ወይ ትነሳ። በሳቸው ልንስቅ ስንል እኚያ እናት እሑድ መጡ። ቤታቸውን አዩ። ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር።

"የሰው ሁሉ ቤት ቀለም ኖሮት የኔ ምነው ገረጣ? የበሽተኛ ፊት አስመሰልከው።"

ልጁ ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ ስለ መረጃ፣ ስለ ልኬት፣ ስለ ነጭ። ጨርሰው ሰሙት።

"ሰማያዊ ነበር" አሉ። "ራሴ ነኝ የቀባሁት፣ ልጄ የተመረቀች ጊዜ።"

ልጁ ወደኔ ዞረ። ንድፈ ሐሳብ ያስፈልገው እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔም ሁለት ሦስት አላጣም። "የትኛው ሰማያዊ እንደሆነ ጠይቃቸው" አልኩት።

እሳቸው ግን ቀድመው ወደ መደርደሪያው ሄደው፣ የቀለም ጣሳዎቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ ነበር።