ክፋትን መምሰልና ክፋትን መውደድ

ክፉ ሰውን በመድረክ ላይ አስመስሎ መጫወት የተጫዋቹን ነፍስ ያበላሻል ወይስ አያበላሽም የሚለው ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ፈላስፎችንም የሃይማኖት ሊቃውንትንም ሲያከራክር ኖሯል። ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተሰኘው ሥራው ሦስተኛ መጽሐፍ፣ ማስመሰል ማለትም የሌላውን ድምፅ፣ ሁኔታና ስሜት የራስ አድርጎ ማሳየት ከልጅነት ጀምሮ ሲደጋገም ልማድ፣ ልማዱም ውሎ አድሮ ጠባይ ይሆናል ብሎ ስላመነ፣ የከተማዪቱ ጠባቂዎች ምግባረ ብልሹዎችን አስመስለው እንዳይጫወቱ ከልክሏል። አውግስጢኖስ ደግሞ በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ ነቀፌታውን ወደ ተመልካቹ አዙሮ፣ በመድረክ ላይ መከራን የሚያይ ሰው እንዲያዝን እንጂ እንዲረዳ ስለማይጋበዝ ከሐዘኑ ደስታን ይፈልጋል ሲል ተችቷል።

ይህ ጥያቄ በብሪታንያ የአማተር ኦፔራ ማኅበራት ዘንድ ልዩ መልክ ይይዛል፤ በእነዚህ ማኅበራት የሚሰባሰቡት በሌላ ሥራ የሚተዳደሩ፣ ለመዝፈንና ለመተወን ክፍያ የማይቀበሉ የአንድ አካባቢ ነዋሪዎች ናቸውና። ብሔራዊ ጥምረታቸው እ.ኤ.አ. በ1899 የተመሠረተው እነዚህ ማኅበራት በጊልበርትና በሰሊቫን ቀላል ኦፔራዎች ሲታወቁ ቆይተው፣ ዛሬ በብዛት የሚያሳዩት ሙዚቃዊ ተውኔት፣ ማለትም ንግግር፣ ዘፈንና ውዝዋዜ በአንድ ታሪክ የሚተሳሰሩበት ድርሰት ነው። ከሚመርጧቸው ሥራዎች አንዱ ላዮኔል ባርት በቻርልስ ዲከንስ «ኦሊቨር ትዊስት» ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ የደረሰውና እ.ኤ.አ. በ1960 በለንደን ለመድረክ የበቃው «ኦሊቨር!» ሲሆን፣ በዚህ ተውኔት አንዱ ጎረቤት ሕፃናትን ኪስ ማውለቅ የሚያስተምረውን ፌጊንን፣ ሌላው ናንሲ የተባለችውን ሴት የሚገድለውን ቢል ሳይክስን ሆኖ ይቀርባል።

የፕላቶን ሥጋት የሚደግፍ የሚመስለው የራሱ የዲከንስ ታሪክ ነው። አማተር ተውኔትን አጥብቆ ይወድ የነበረው ይህ ደራሲ እ.ኤ.አ. ከ1869 ጀምሮ የናንሲን ግድያ በሕዝብ ፊት፣ ገዳዩንም ሟቿንም እየሆነ ሲያነብ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ100 በላይ ይደርስ ነበር፤ ወዳጆቹ ቢቃወሙም ንባቡን ደጋግሞ አቀረበው፤ በ1870ም ዐረፈ። ይሁን እንጂ ግድያን ማስመሰሉ ጨካኝ አላደረገውም፤ የማረከው የሚመስለው አዳራሹ በድንጋጤ ሲዋጥ ማየቱ ነው። አርስቶትል እንዳስተማረው መልካም ድርጊት የመልካም ሰው ድርጊት የሚባለው አድራጊው ዐውቆና ድርጊቱን ስለ ራሱ መርጦ ሲፈጽመው በመሆኑ፣ በዚሁ መለኪያ የተዋናዩ ስርቆትም ስርቆት አይደለም፤ ከስርቆቱ የሚገኘው ደስታ ግን የተዋናዩም የተመልካቹም የራሳቸው ደስታ ነው። እንግዲህ ሥጋቱ ከድርጊቱ ወደ ደስታው መዛወር አለበት።

የፌጊን ገጸ ባሕርይ ይህን ግልጽ ያደርገዋል። በልብ ወለዱ ፌጊን በአይሁዳዊነቱ ተደጋግሞ የሚጠራ አስቀያሚ ሰው ሆኖ በስቅላት ሲቀጣ፣ ኤሊዛ ዴቪስ የተባለች አይሁዳዊት እ.ኤ.አ. በ1863 ለዲከንስ ጽፋ ስለ ወቀሰችው፣ ደራሲው በ1867 እትም ብዙዎቹን መጠሪያዎች አውጥቷል። ራሱ አይሁዳዊ የነበረው ባርት ደግሞ ፌጊንን ተጫዋችና ተወዳጅ አድርጎ ከስቅላቱም አድኖታል። ይህ ለአንድ ሕዝብ ለዘመናት የተለጠፈውን ክፉ ስም የሚያቀልል ፍትሕ ቢሆንም፣ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል፦ ፌጊን በተውኔቱ ንስሓን ያስባል፣ ነገር ግን ወደ ጎን ይተወዋል፣ ሆኖም አዳራሹ ያጨበጭብለታል። ምሕረት በደልን በስሙ ጠርቶ ይቅር ማለት ሲሆን፣ ይህ ጭብጨባ ግን በደሉን ሳይጠራ የሚያልፍ መርሳት ነው፤ ይቅርታውም ለተጸጸተው ሳይሆን ላሳቀው ይሰጣል።

የአማተር መድረክ ከዚህ አደጋ የሚያመልጥበት አንድ መንገድ አለው። ተመልካቹ ፌጊንን የሚጫወተውን ሰው በሥራ ቦታው ወይም በሰፈሩ ስለሚያውቀው፣ ክፋትን የባዕድ ዘር ጠባይ አድርጎ ሊያርቀው አይችልም፤ ተጫዋቹ ሌባ እንዳልሆነ እያወቀ፣ እንደ እርሱ ያለ ሰው እንዲህ ሊያደርግ ይችል እንደነበር ለማሰብ ይገደዳል። ስለዚህ የአዘጋጁ ሥነ ምግባራዊ ግዴታ ክፉውን ገጸ ባሕርይ ማስቀረት ወይም አስቀያሚ ማድረግ ሳይሆን፣ በፌጊን ላይ የተሳቀው ሳቅ የናንሲን ሞት እንዳይሸፍነው መጠንቀቅ ነው፤ ተዋናይ ክፋትን የሚረዳው ሊያስመስለው ነውና፣ መረዳቱ ወደ መውደድ እስካልተሻገረ ድረስ ነፍሱ የምትከሰስበት በደል የለም።