የለቀቁትንም ፈልጊ

ልጄ፣ ለፋብሪካ ሠራተኞች ጤና ጥናትሽ አዘጋጅተሽ የላክሽልኝን መጠይቅ መነጽሬን አድርጌ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ዕድሜ አለ፣ ደመወዝ አለ፣ የሥራ ሰዓት አለ፤ ሳልና የወገብ ሕመምም አልቀረም። ጥያቄዎቹ ደህና ናቸው። ቅር ያለኝ የሚጠየቁት ሁሉ መጠይቁ በሚሞላበት ዕለት ጠዋት ፈርመው ሥራ የገቡ መሆናቸው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በዚህ አካሄድ ግን በሽታውን የምትደብቂው አንቺው ራስሽ እንዳትሆኚ እሰጋለሁ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክሊኒክ በጤና ረዳትነት መሆኑን ታውቂያለሽ። ጥጥ በሚባዘትበት ክፍል የሚሠሩት ሰኞ ሰኞ «ደረቴን ጨመቀኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ» እያሉ ይመጡ ነበር። እሑድን አርፈው ሰኞ ከብናኙ ጋር ሲገናኙ ደረታቸው ይያዛል፤ ረቡዕ ሐሙስ ላይ ቀለል ይላቸዋል። ሐሙስ መዝገብ ይዞ ለመጣ አጥኚ መልሳቸው «ደህና ነን» ነው። ዓመታት ሲቆጠሩ የሰኞና የሐሙስ ልዩነት ይቀርና ሕመሙ ሳምንቱን ሙሉ ይሆናል። ያኔ ሠራተኛው ለቆ አገሩ ይገባል፣ በሱ ቦታ ጎረምሳ ይቀጠራል፣ ክፍሉም በወረቀት ሲታይ እንደ ጤነኛ ይቀጥላል። ምሁራኑ ይህን «የጤነኛ ሠራተኛ ውጤት» ይሉታል።

የሽማግሌ ወሬ ነው ብለሽ እንዳታልፊኝ፣ እዚሁ አገራችን የተሠራውንና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመውን የክሪስ ብላትማንንና የስቴፋን ደርኮንን ጥናት አንብቢ። አምስት ድርጅቶች ሠራተኛ ሲቀጥሩ አመልካቹ ከክፍት ቦታው በዛ። አጥኚዎቹ አንድ ሺህ የሚጠጉ አመልካቾችን፣ አብዛኞቹን ሴቶች፣ በዕጣ ለዩአቸው። ለአንዱ ክፍል ሥራው ተሰጠ፤ ለሌላው 300 ዶላር ገደማ ከአጭር የንግድ ሥልጠና ጋር፤ የቀሩት ምንም አላገኙም። ከዓመት በኋላ ገንዘቡን የወሰዱት ገቢያቸው በሲሶ ያህል አድጎ ተገኘ። ሥራ የደረሳቸው ግን ምንም ካላገኙት የተሻለ ገቢ አልነበራቸውም፤ ከባድ የጤና ችግር በዛባቸው እንጂ። ሥራውን ከጀመሩት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀዋል፤ ዓመቱ ሳይሞላ የለቀቁት ከመቶ 77 ደርሰዋል።

እስቲ አስቢው። አጥኚዎቹ በዓመቱ መጨረሻ ከፋብሪካው በር ቆመው የሚወጣውን ብቻ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ፣ ከአራቷ አንዷን፣ ያውም የቻለችውን፣ አግኝተው «ፋብሪካ ሰው ያኖራል» ብለው ይጽፉ ነበር። የጥናቱ ክብር የለቀቁትንም ተከታትሎ መጠየቁ ላይ ነው ባይ ነኝ።    አምስት ዓመት ቆይተው ሲጠይቁ ደግሞ ልዩነቱ አብዛኛው ጠፍቶ ነበር፤ የገንዘቡም ጥቅም፣ የጤናውም ጉዳት። በመጀመሪያው ዓመት ውጤት ብቻ አዋጅ ለነገረ ሰው፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሆነበት።

ሌላም አለኝ። ሠራተኛ የሚታመመው በብናኝና በማሽን ብቻ አይደለም። በለንደን እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው የዋይትሆል ጥናት 18 ሺህ ገደማ ወንድ የመንግሥት ሠራተኞችን ተከታተለ። ሁሉም የቢሮ ሰዎች ናቸው፤ የሚራብም የለም። ሆኖም በዝቅተኛው እርከን ያሉት በልብ ሕመም የሚሞቱት ከከፍተኛው እርከን በሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። ማይክል ማርሞትና ባልደረቦቹ ሲጋራውንም፣ የደም ግፊቱንም አስበው ልዩነቱ በከፊል ብቻ ተፈታላቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሴቶችንም ጨምረው ሁለተኛውን ዙር ሲጀምሩ፣ «ሥራህን እንዴት እንደምትሠራ የመወሰን ዕድል አለህ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ዕድሉ ያነሳቸው ሰዎች ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በልብ ሕመም ይበልጥ ተጠቁ።

ስለዚህ መጠይቅሽ ላይ እነዚህን ጨምሪ፦ ሽንት ቤት ለመሄድ ማንን ታስፈቅጃለሽ? አሞሽ ብትቀሪ ከደመወዝሽ ስንት ይቆረጣል? ማሽኑ ፈጠነብኝ ብለሽ ብትናገሪ የሚሰማሽ አለ? ይህን ሁሉ ሱፐርቫይዘሩ አጠገቧ ቆሞ ሳለ ሠራተኛዋን አትጠይቂያት። ዝም አይነቅዝም እየተባለ ያደገ ሰው አለቃው ፊት ምን እንደሚመልስ ታውቂዋለሽ። ማታ፣ የተከራየችበት ክፍል ሄደሽ፣ እግሯን ዘርግታ ሳለ ጠይቂያት።

የለቀቁትን ስም ዝርዝር የሰው ኃይል ክፍሉ ላይሰጥሽ ይችላል። ከለቀቀችው ጋር ቤት የተጋሩትን ጠይቂ፤ የት እንደገባች፣ ስልኳ ይሥራ አይሥራ እነሱ ያውቃሉ። ከመካከላቸው ገጠር የገባች ትኖራለች፤ እስከዚያ ድረስ መሄድ ነው። አማካሪሽ በጀት የለም ካለሽም ከፋብሪካው ውስጥ ከምትጠይቂያቸው ቀንሺና ብሩን ለአውቶቡስ አድርጊው።