ብድር እርዳታ ነውን?

የአሜሪካ ኮሌጆች ለተቀበሉት ተማሪ የሚልኩት የገንዘብ እርዳታ ደብዳቤ ሦስት ነገሮችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፦ የማይመለሱ ግራንትና ስኮላርሺፕ፣ ከነወለዱ የሚመለስ ብድር፣ ተማሪው ሠርቶ የሚያገኘው የወርክ ስተዲ ክፍያ። ብዙ ጊዜ ሦስቱም ተደምረው «ጠቅላላ እርዳታ» ይባላሉ። መስጠትና ማበደር በሥነ ምግባር ሚዛን እኩል ናቸው ወይ የሚለው የቆየ ጥያቄ እዚህ ድምር ውስጥ ተሸሽጓል።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊ ፈላስፋና የሕግ ሊቅ ማይሞኒደስ ምጽዋትን በስምንት ደረጃ ከፍሎ፣ ከሁሉ በላይ ያደረገው ችግረኛውን በስጦታ፣ በብድር፣ በሽርክና ወይም ሥራ በማስያዝ ራሱን እንዲችል መርዳትን ነው። በዚህ አያያዝ ብድርም ሥራም የተከበረ ቦታ አላቸው። ሆኖም እሱ የሚያመሰግነው ብድር ወለድ የለበትም፤ ኦሪት ዘጸአት (22፥25) ለድኻ ወገን አበድሮ ወለድ መቀበልን ከልክሏልና። ብድር እርዳታ የሚሆነው አበዳሪው ከተበዳሪው ችግር ሳያተርፍ ሲቀር ነው።

የፌዴራሉ የተማሪ ብድር ለዚህ መለኪያ የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። በሚደጎመው ብድር፣ ተማሪው ቢያንስ በግማሽ ጊዜ እስከተማረ ድረስ ወለዱን መንግሥት ይሸፍናል። ባልተደጎመው ግን ወለዱ ገንዘቡ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። ወላጅ በራሱ ስም የሚወስደውን ፕላስ ብድር የልጁ እርዳታ አድርጎ መቁጠር ደግሞ በምንም መለኪያ አያስኬድም።

ግራንትም ሁሉ አንድ አይደለም። መነሻው የ1972 (እ.ኤ.አ.) ሕግ የሆነውና በ1980 በሴናተር ክሌይቦርን ፔል ስም የተሰየመው ፔል ግራንት የሚሰጠው በችግር መጠን ነው፤ በ2024–25 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። ቲች ግራንት በበኩሉ ቃል ያስገባል፦ ተቀባዩ ከተመረቀ በኋላ በስምንት ዓመት ውስጥ አራት ዓመት ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ካላስተማረ፣ የወሰደው ሁሉ ወደ ብድር ይለወጣል፤ ወለዱም ገንዘቡ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል።

በውጤት የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ሌላ ክርክር ያስነሳል። አሪስጣጣሊስ ክፍፍል እንደሚገባው መጠን ይሁን ብሎ፣ «የሚገባው» በምን ይለካል በሚለው ግን ሰዎች እንደማይስማሙ አስተውሏል። ከፍተኛ ውጤት ብዙ ጊዜ ጥሩ ትምህርት ቤትና አስጠኚ ቀድመው የገዙት ስለሆነ፣ ውስን ገንዘብ በቅድሚያ ለችግረኛው ቢደርስ ይበልጥ ፍትሐዊ ነው።

ሁለት ደብዳቤዎች ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ይጎላል። የአንዱ ኮሌጅ የዓመት ሙሉ ወጪ 62,000 ዶላር፣ «እርዳታው» 46,000 ነው እንበል፤ ከዚህ ውስጥ ግራንቱ 38,000፣ ብድሩ 5,500፣ ወርክ ስተዲው 2,500 ነው። የሌላው ወጪ 41,000፣ እርዳታው 24,000፣ ሁሉም ግራንት። አንደኛው ለጋስ ይመስላል፤ ከሙሉ ወጪው ግራንቱ ብቻ ሲቀነስ ግን ቤተሰቡ የሚሸፍነው በአንደኛው 24,000፣ በሁለተኛው 17,000 ዶላር ነው። የመንግሥት ተጠሪነት ጽሕፈት ቤት በ2022 ባወጣው ዘገባ 91 በመቶ ያህሉ ኮሌጆች ይህን የተጣራ ወጪ ጨርሶ እንደማይጽፉ ወይም አሳንሰው እንደሚያሳዩ ገምቷል። ይህ የአጻጻፍ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የሐቀኝነት ጉድለት ነው፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ዕዳ የሚፈርመው ይህንኑ ወረቀት አምኖ ነውና።

የችግር መጠን የሚለካው ፋፍሳ በሚባለው ቅጽ ነው፤ ቅጹ የሚያየው ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ገቢ ነው። አባት ከሥራ ቢወጣ፣ እናት ብትታመም ቅጹ አያውቅም። አሪስጣጣሊስ ሕግ ለሁሉ ተብሎ ሲወጣ የሚስተውን የግለሰብ ጉዳይ የሚያቃና ርትዕ ያስፈልጋል ብሎ ነበር። የፌዴራሉ ሕግም የኮሌጁ የእርዳታ ጽሕፈት ቤት ማስረጃ ቀርቦለት የአንድን ተማሪ ስሌት እንዲያስተካክል ይፈቅዳል፤ ደብዳቤው ከደረሰ በኋላም ቢሆን ይህን መጠየቅ ይቻላል።