የርዳታ ልኩ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ብሂል የማያውቅ የለም። ብሂሉ ግን ስለ እንቁላሉ እንጂ አጠገቡ ቆሞ ስለሚመለከተው ሰው አይናገርም። ጫጩቱ ቅርፊቱን ለመስበር ሲታገል ያየ ሰው ምን ያድርግ? ቅርፊቱን ይስበርለት ወይስ እጁን ይሰብስብ? ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ ሰው ለሰው ስላለበት ግዴታም የሚናገረው አለው።

በመርካቶ፣ በእህል በረንዳ፣ ጤፍና ስንዴ በኩንታል ተደርድሮ በሚያድርበት መጋዘን ጥግ ሸረሪት ድሯን አድርታ ትኖራለች። ሸረሪት አጥንት የላትም፤ አካሏን የሚሸከመው ውጫዊው ጠንካራ ልባሷ ነው። ልባሱ አብሯት ስለማያድግ፣ ለማደግ የምትሻ ሸረሪት አሮጌውን መጣል አለባት። በስንዴው ፍሬ ውስጥ የተሸሸገው የነቀዝ ትልም እንኳ የሚያድገው በዚሁ ሕግ ነው።

በልዩ ልዩ አገሮች ታራንቱላ የተባለችውን ግዙፍና ጸጉራም ሸረሪት በቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች ይህን ሕግ በቅርብ ያውቁታል። ታራንቱላ ልባሷን የምትጥልበት ጊዜ ሲቃረብ ምግብ ትተዋለች፤ ጊዜው ሲደርስም ብዙውን ጊዜ በጀርባዋ ትጋደማለች። አላዋቂ የሞተች መስሎት ይገለብጣታል። እርሷ ግን የጀርባዋን ክዳን ሰንጥቃ፣ ስምንት እግሮቿን ከጓንት እንደሚወጡ ጣቶች ለመምዘዝ ለሰዓታት ትደክማለች። አዲሱ ልባስ ገና ለስላሳ ነውና አዝኖ የሚጎትታት እጅ እግሯን ሊገነጥል፣ ደሟንም ሊያፈስ ይችላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል፣ የፈሰሰ የሸረሪት ደም ግን አይለቀምም።

ታዲያ አዋቂው ምን ያደርጋል? ቀደም ብሎ የምትጠጣውን ውሃ ያቀርባል። ለምግቧ የገባው ፌንጣ መልሶ እንዳይነክሳት ያወጣል። አሮጌው ልባስ ተጣብቆ ከቀረ በረጠበ ለስላሳ ብሩሽ ያርሰዋል እንጂ አይስበውም። ከዚያም ይጠብቃል። አንድ እግር ብታጣ እንኳ፣ ዕድሜዋ ከፈቀደ፣ በሚቀጥሉት ልባስ መጣሎች መልሳ ልታበቅለው ትችላለች።

እዚህ ላይ ርኅራኄ ራሱን መመርመር ይኖርበታል። የሚጎትተው ሰው ለመገላገል የሚቸኩለው የማንን ጭንቅ ነው? የሸረሪቷን ወይስ የራሱን? ሥቃይን ቆሞ ማየት ከባድ በመሆኑ፣ ብዙ ርዳታ ለተረጂው ሳይሆን ለረጂው ዕረፍት ይደረጋል።

ሆኖም ከዚህ እውነት ሐሰተኛ መደምደሚያ የሚያወጣ አይጠፋም። በእህል በረንዳ ከገጠር የመጣ ወጣት መቶ ኪሎ ኩንታል ተሸክሞ ጉልበቱ ሲብረከረክ አይቶ፣ «ተዉት፣ ችግር ያጠነክረዋል» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ይህ አባባል በሸረሪቷ ምሳሌ ማላገጥ ነው። ሸረሪቷን ያስጨነቃት የራሷ ዕድገት ነው፤ ማንም ሊያድግላት አይችልም። ኩንታሉን በትከሻው ላይ የጫነው ግን ሰው ነው፤ ሰው የጫነውን ሰው ሊያወርደው፣ ሊያካፍለው፣ ሊያቀለው ይችላል። ያን ሳያደርጉ ትዕግሥትን መስበክ ጥበብ አይደለም፤ ጭካኔ ነው። የዚያው ወጣት ሥራ መልመድ፣ አገር መልመድ፣ ከስህተቱ መማር ግን የራሱ ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚጎትተው እጅ ያጎድለዋል።

እንግዲህ ከመርዳት በፊት የሚቀድመው ጥያቄ «ይህ ጭንቅ ከየት መጣ?» የሚለው ነው። ከውጭ የተጫነ ከሆነ ሸክሙን ማንሳት ይገባል። ከውስጥ የሚወለድ ከሆነ ግን ውሃውን አቅርቦ፣ ነካሹን አርቆ መቀመጥ ይገባል። ሁለቱን ያልለየ ሰው፣ ልቡ የቱንም ያህል ደግ ቢሆን፣ አንዱን ጎትቶ ይገነጥላል፤ ሌላውን ትቶ ያስደቅቃል።