መስሎን ያለፍነው ቃል

ወገኖቼ፣ በሁለት ቋንቋ መካከል ቆመን የሰውን ቃል ለሰው እንድናደርስ አደራ የተቀበልን ሁላችን፣ በአስተርጓሚነት እንጀራ የምንበላውም፣ ዘመዳችንን ሐኪም ቤት ወስደን ለአንድ ቀን አፍ የምንሆነውም፣ አደራችንን አቃለናል። ድምፁ የተቀራረበውን ቃል ምሥጢሩም አንድ መስሎን፣ መመርመር ሲገባን ገምተን፣ መጠየቅ ሲገባን አፍረን አልፈናል።

በ1980 እ.ኤ.አ. በፍሎሪዳ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ስፓኒሽ ተናጋሪ የሆኑት ቤተሰቦቹ «ኢንቶክሲካዶ» ነው አሉ፤ የበላው መርዞታል ማለታቸው ነበር። ሰሚው ግን የእንግሊዝኛውን «ኢንቶክሲኬትድ» ሰማ፤ ይኸውም በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ዕፅ መስከር ነው። አደንዛዥ ዕፅ ከልክ በላይ እንደ ወሰደ ሰው ታከመ፤ በአንጎሉ ውስጥ ይፈስ የነበረው ደም ከሁለት ቀን በላይ አስተዋይ አጣ፤ እጅና እግሩም ሽባ ሆነ። ካሳው በዕድሜ ዘመኑ እስከ 71 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ነበር፤ ገንዘቡ ግን ዳግመኛ አላራመደውም። በዚያች ሰዓት አስተርጓሚ ይጠራ ያለ አልነበረም፤ ሁሉም የተግባቡ መስሏቸው ነበርና።

እኛስ? «ኤምባራሳዳ» ያለችው ሴት ማርገዟን ስትነግረን እንግሊዝኛውን አስበን «አፍራለች» እንላለን። የስፔኑ ሰው «ኮንስቲፓዶ» ብሎ ጉንፋኑን ሲናገር የሆድ ድርቀት እናደርግበታለን። በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ በእንግሊዝኛ «አንድ ጊዜ» የሚለው ቃል (once) በፊደሉ ሳይለወጥ በስፓኒሽ ዐሥራ አንድ ማለት መሆኑን እያወቅን፣ ሳናስጠነቅቅ ብልቃጡን ለስፓኒሽ ተናጋሪዋ እናት እናስረክባለን።

አላወቅንም ብለን እንዳናመካኝ፣ የመጣነው ፊደል ከሚመዘንበት ጉባኤ ነው። በንጉሡ ሠ የተጻፈ «ሠረቀ» ወጣ፣ በእሳቱ ሰ የተጻፈ «ሰረቀ» ሌባ ሆነ ማለት እንደ ሆነ፣ በሐመሩ ሐ «መሐረ» ይቅር አለ፣ በሃሌታው ሀ «መሀረ» አስተማረ እንደ ሆነ፣ የኔታ በአንዲት ፊደል ስሕተት ቀኑን ሙሉ አቁመው የሚያስመልሱ ነበሩ። አባቶቻችን ለአንዲት ቃል «አንድም» እያሉ ፍቺ ሲደራርቡ፣ ከመገመት ይልቅ ሲመረምሩ ማደርን የመረጡ ነበሩ። እኛ ግን «ገባኝ» ማለትን ክብር፣ «ይድገሙልኝ» ማለትን ውርደት አደረግነው፤ ቀልጣፋ ለመባል ስንቸኩል የሌላውን ሕመም በግምታችን አስያዝን።

ነገ በበሽተኛ አልጋ አጠገብ የምትቆሙ ሁሉ፣ ቃሉ የምታውቁት ቢመስላችሁም፣ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት «ምን ማለትዎ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።