የማይሸጥ መሬት ዋጋ

የመሬት ጠበቃ ሥራው ከስሙ ጋር አይገጥምም። ደባርቅ ላይ አንድ ገበሬ የይዞታ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ቢሮው ቢገባ፣ ክርክሩ ስለ መሬቱ የሚሆን ይመስለዋል። ጠበቃው የሚጽፈው ግን ስለ ገብሱ፣ ስለ ባሕር ዛፉና ስለ ቤቱ ቆርቆሮ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሏልና፤ ለገበሬው የቀረለት ላቡ ያፈራው ነው።

ይህን ደንብ ለመንቀፍ አልቸኩልም። ክፉ ቀን ሲመጣ የዳባት ገበሬ በሬውን ሸጦ ከጨረሰ በኋላ መሬት መሸጥ ቢፈቀድለት፣ እሱንም ይሸጠው ነበር። በሬ በሌላ ዓመት ይተካል፤ መሬት ከሄደ ግን ልጁም አብሮ ከመሬት ወጣ። ስለዚህ መሬት ከገበያ በላይ ነው ሲባል እስማማለሁ።

መንግሥት ራሱ ሲወስደውስ? ምትክ መሬት ካልተገኘ፣ አዋጅ 455/1997 የ5 ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢን በ10 ያባዛ ነበር፤ የተካው አዋጅ 1161/2011 ከ3 ዓመቱ ከፍተኛውን ወስዶ በ15 ያባዛል። ለጠበቃ ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ የጥጋቡን ዓመት ማስረጃ ፍለጋ ያስሮጠዋል። ነገር ግን መሬት ሸቀጥ ስላልሆነ አይሸጥም ካልን፣ ሲወሰድ በምርቱ ሒሳብ የምንተምነው በምን ምክንያት ነው? ገበሬው ሊሸጠው ሲያስብ ክቡር፣ ሲለቅ ኩንታል። ያው መሬት ከተማ ውስጥ ሲገባ ደግሞ በሊዝ ጨረታ ይወጣል። ጎንደር ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ስንት ጉባኤ አስተናግዳለች፤ የመሬትን ባሕርይ ግን ማንም አልጠየቀም።

ከደባርቅ በላይ የነበረችው የግጭ መንደር ነገሩን ታጠራዋለች። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ400 የሚበልጡ የግጭ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ወረዱ፣ በ2017 ፓርኩ ከመዝገቡ ወጣ። ለዋልያው መልካም ሆነ፤ ይህንም አልክድም። ሰዎቹ የተዉት ግን ማሳ ብቻ አልነበረም፤ በማንም ደብተር ያልሰፈረ የጋራ ግጦሽ፣ ደቦ፣ የአባቶች መቃብር ነበር። በ15 ቢባዛ፣ በ100 ቢባዛ፣ ያልተጻፈ ነገር ብዜቱ ዜሮ ነው።

አዲሱ አዋጅ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት ካሳ ጨምሯል። ይህ ለእኔ ሕጉ በግማሽ አፉ ማመኑ ነው። ሙሉ አፉን ቢከፍት ግን ጥያቄው «ስንት ብር?» ሳይሆን ሁልጊዜ «የትኛው መሬት?» ይሆን ነበር፤ ለማይሸጥ ነገር ተገቢው ምትክ ሌላ የማይሸጥ ነገር ነውና። ደጋው ሞልቶ ትርፍ መሬት ከየት ይመጣል የሚለው ተቃውሞ ትክክል ነው። ትክክል ቢሆንም ብሩን ምትክ አያደርገውም፤ ዕዳው እንዳልተከፈለ ብቻ ያሳያል።

ጠበቃው ግን ይህን ለገበሬው አይነግረውም ነበር። በአዋጅ 455 ይግባኝ የሚሰማው ይዞታው መለቀቁን የሚያሳይ ሰነድ ሲያያዝ ብቻ ስለነበር፣ የመጀመሪያ ምክሩ አጭር ነበር፦ «አባቴ፣ ቀድመው መሬቱን ያስረክቡና ይምጡ።»