አንዱን ሰዓት ሁለት ጊዜ አትሽጪ

 

የዛሬው ምክር በተለይ ላንቺ ነው፤ ገና ነጭ ጋውን መልበስ ለጀመርሽው እህቴ ነርስ። ወንድሜ ሆይ፣ ያንተም ሥራ ይኸው ከሆነ ለራስህ እንደተነገረ አድርገህ ስማው።

አራት ዓመት ተማርሽ። ከ2015 ወዲህ የመጣውን የመውጫ ፈተና አለፍሽ። የሙያ ፈቃድ ፈተናውንም አለፍሽ፤ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ሥራ ፍለጋው መጣ። ከጀሞ እስከ ሳሪስ፣ ከለቡ እስከ ጎፋ የየክሊኒኩን በር እያንኳኳሽ ሲቪ አስገባሽ። «እንደውልልሻለን» አሉሽ። ማስታወቂያው ሁሉ «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል። የሚቀጥርሽ ሳይኖር ልምዱ ከየት ይምጣ?

ይሄኔ አንዱ ጠጋ ብሎ «የልምድ ወረቀት የሚሠራ ሰው አውቃለሁ» ይልሻል። እህቴ፣ አደራሽን! ያ ወረቀት የሚያታልለው ቀጣሪውን ብቻ አይደለም። «ይህቺ ልጅ ታውቃለች» ብሎ ክንዱን የሚዘረጋልሽን በሽተኛም ነው። ሪዝቅሽ አላህ ዘንድ ተጽፏል። የሚቀርሽ ሰበቡን ማድረስ ነው፤ ሰበቡን ግን በውሸት አትጀምሪው።

አልሐምዱሊላህ፣ ሥራው ተገኘ እንበል። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ የቤት ኪራይ አለ፣ ታክሲ አለ፣ እስክትመረቂ የጠበቀ ቤተሰብ አለ። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ያነሡትን የደሞዝ ጥያቄ አገር ሰምቶታል። ችግርሽ እውነት ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ስለዚህ ሁለተኛ ሥራ ያዝሽ፤ ቀን አንድ ሆስፒታል፣ ማታ ሌላ ጋ ዱቲ።

ውልሽ እስካልከለከለ ድረስ ሁለት ቦታ መሥራት ሐራም ነው አልልሽም። ቤተሰብን ለመርዳት በሐላል መልፋት ኒያው ከተስተካከለ ዒባዳ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ሌሊቱን ቆመሽ አድረሽ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሌላ ዋርድ ስትገቢ፣ ሁለተኛው ቀጣሪ ምን ገዛ? ሰዓትሽን ገዛ፤ ያ ሰዓት ግን ማታ ተሽጧል።

በሱረቱል ሙጠፊፊን አላህ (ሱ.ወ) ሲቀበሉ አስሞልተው፣ ለሌላው ሲሰፍሩ ግን አጉድለው የሚሰጡትን ሰዎች በብርቱ አስጠንቅቋል። ይህን ስንሰማ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ አትክልት የሚመዝነው ነጋዴ ትዝ ይለናል። ደሞዝን ሞልቶ ተቀብሎ ሥራን አጉድሎ መስጠትስ? እሱስ ሚዛን አይደለም?

አንድ ነገር ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1997 አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ ጥናት ታትሞ ነበር። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ የሚቀንሰው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ያለበትን ሰው ያህል ነው፤ 24 ሰዓት ሲሞላ ደግሞ ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። ሱብሓነላህ! በሕይወትሽ መጠጥ ቀምሰሽ አታውቂም። ግን እንቅልፍ ያጣ እጅሽ እንደ ጠጪ እጅ እየሆነ ለሕፃን መድኃኒት ይለካል።

ትምህርት ቤት የተማርሻቸውን አምስቱን አስታውሻቸው፤ ትክክለኛው ታካሚ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው የአሰጣጥ መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት። ለፈተና ብቻ የተሸመደዱ እንዳይመስሉሽ። በሽተኛው ባንቺ ላይ ያለው ሐቅ ናቸው። ድካም መጀመሪያ የሚሰርቀውም እነሱን ነው።

ከዚያ የባሰም አለ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይንሽ ሲከደን ታካሚውን ሳትለኪ «ሙቀት 36.8፣ ግፊት 120/80» ብለሽ ቻርቱን መሙላት። ማንም አላየሽም። ጠዋት ግን ሐኪሙ ያንን ቁጥር አምኖ ይወስናል። እህቴ፣ ያ ቁጥር ምስክርነት ነው። ባላየሽው ነገር አትመስክሪ።

ሩፈይዳ አል-አስለሚያን (ረ.ዐ) አስቢያት። በ5ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በኸንደቅ ዘመቻ ጊዜ፣ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) በቀስት ሲቆስል ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወደ እሷ ድንኳን እንዲወሰድ አደረጉ። ቁስለኞችን የምታክመው እሷ ነበረች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጠዋትና ማታ በዚያ ሲያልፉ እንዴት እንዳደረ፣ እንዴት እንደዋለ ይጠይቁት ነበር። ሰዕድ ከዚያ ቁስል አልዳነም። ሩፈይዳ ግን አማናዋን ተወጣች። ማዳን የአላህ ነው፤ ያንቺ ድርሻ በሽተኛው አጠገብ ነቅቶ መገኘት ነው።

ታዲያ ምን ታደርጊ? ሁለቱም ሥራ የግድ ከሆነ በሁለቱ መሃል የምትተኚበት ጊዜ ይኑር። ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ወንድሙን አቡ ደርዳእን ሰውነትህም ባንተ ላይ ሐቅ አለው ብሎ ሲመክረው፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እውነቱን ነው ብለዋል። ያ ምክር የተሰጠው ሌሊቱን ለሶላት ለሚቆም ሰው ነበር፤ ለገንዘብ ለሚያድርማ እንዴት አይሆን! በጣም ከደከመሽ አትደብቂ፤ መድኃኒቱን ከመስጠትሽ በፊት ባልደረባሽ አብራሽ ትይልሽ። የሚቀርብሽን ዱቲ ሁሉ አትቀበዪ። ቀርቶ የሚባረክ ብር አለ፤ መጥቶ የሚበተን ብርም አለ።

የክሊኒክ ባለቤት የሆንክ ወንድሜ፣ አንተም ስማ። የሠራተኛን ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ መክፈል የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ትእዛዝ ነው። ለአንድ ሰው የሁለት ሰው ሥራ ሰጥተህ የአንድ ሰው ግማሽ የምትከፍል ከሆነ፣ ሚዛኑ ያንተም ጎድሏል።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ሰለዋት እናብዛ፣ ሱረቱል ከህፍን እንቅራ። በዱዓችሁም ሥራ ፈላጊዎቹን፣ ዱቲ ላይ ያደሩትን፣ አልጋ ላይ ያሉትንም አትርሱ።

ያ አላህ! ሥራ ላጡት ሐላል ሪዝቅ ክፈትላቸው። ባገኙት ላይ በረካ አድርግላቸው። እጃቸውን ከስሕተት ጠብቅ። ሕሙማኖቻችንን ዐፊያ አድርግልን። አሚን!